የደግፌ እግርና የአስካለ ዶሮ

ሁላችንም የምንለው አንድ አባባል አለ። ልጅ ፊደሉን በአንድ ቀን ካልጨረስኩ ብሎ ሲያለቅስ፣ አዲስ ተጋቢዎች ጎጇችን አልሞላ አለ ብለው ሲተክዙ፣ አንዱ ትልቅ ሰው ጣል ያደርገዋል። ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን የለም። ሾላ ሜዳ በሚባለው መንደር እንደሚያወሩት ከሆነ፣ ነገሩ የጀመረው በአንዲት ትንሽ አለመግባባት ነው።

ደግፌ የተባለ ገበሬ ክረምቱ ሊገባ ሲል ጣሪያ ሲከድን ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻው አያ ዘርጋው ከገደሉ ማዶ መጥተው አጥንቱን ገጠሙ፤ ጨርቅ በእንቁላል ነጭ ነክረው ጠቀለሉበት፤ በላዩም የቀርከሃ ስንጥር አሰሩበት። ሐምሌ ሲያልቅ ተመልሰው ማሰሪያውን ፈቱት። አጥንቱ ገጥሟል። እግሩ ግን የሌላ ሰው እግር መስሏል፤ ባቱ ሟሾ ሟሾ ሸምበቆ አክሏል።

«ለዚህ እግር ከእንግዲህ መድኃኒቱ እንቁላል ነው» አሉና ወጌሻው ወጡ።

የደግፌ ሚስት አስካለ ጊዜ አላጠፋችም። እንቁላል ሰብራ በጣባ መታችና የባሏን እግር ከጉልበቱ እስከ ተረከዙ ቀባችው። ቀድሞም የተደረገው ይኸው ስለ ነበር ደግፌ እግሩን ዘርግቶ ዝም አላት። አያ ዘርጋው ረስተውት የሄዱትን ከዘራ ሊወስዱ ሲመለሱ፣ እግሩ እያብለጨለጨ፣ ዝንቦችም ከበውት አገኙት። ጥቂት ቆመው አዩ።

«ልጄ፣ በአፉ ነው» አሉ በመጨረሻ።

አስካለ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ሽማግሌው አልሳቁባትም፤ መደብ ላይ ተቀምጠው አስረዷት። አጥንት ከውጭ ይታሰራል፤ ሥጋ ግን የሚሠራው ከውስጥ ነው። ጠዋት ጥቂት፣ ቀን ጥቂት፣ ማታ ጥቂት እየበላ፣ ከበላም በኋላ እየተነሣ ካላሠራው ባቱ አይሞላም። በማግሥቱ ፍልሰታ ስለሚገባ እንቁላሉ ጾሙ እስኪፈታ ይቆይ፤ እስከዚያ ባቄላው፣ ሽምብራውና ምስሩ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

«ብቻ ባንዴ አይሁን» አሉት ደግፌን፣ ከዘራቸውን አንሥተው። «ሰውነት ጎተራ የለውም። የዕለቱን ይወስዳል፤ የተረፈውን አያስቀምጥልህም።»

ደግፌ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል አልወደዳትም። ዕድሜውን ሙሉ ሲያርስ ኖሯል፤ በመኸር ሞልቶ ክረምቱን የማይመግብ ነገር አይቶ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ከማዶ የምሥራች መጣ፤ ከገደሉ ማዶ የተዳረችው ልጃቸው የሺመቤት ሴት ልጅ ተገላገለች። ወጉ ቢሆን የመጀመሪያዋን በእናቷ ቤት ትወልድ ነበር፤ ነገር ግን በክረምቱ ጭቃ ያንን ገደል እርጉዝ ሴት አትወርደውም። አስካለም የተኛ ባሏን ጥላ ልታርሳት አልሄደችም። ስለዚህ ሁለቱም ዓይናቸውን የጣሉት ክርስትናው ላይ ነበር። የሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀን ነውና ጥቅምት አጋማሽ ላይ ይውላል። በቅሎ ገደሉን ሰው ተሸክማ አትወርደውም። በቃሬዛ ሰው አሸክሞ ክርስትና ቤት መግባት ደግሞ ገድ የለውም፤ ቃሬዛ የሚገባው ሌላ ቤት ነው። ደግፌ በእግሩ ካልሄደ አይሄድም ማለት ነው። እሱ ካልሄደ አስካለም አትሄድም። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለሕፃኗ ያሠራቻትን ትንሽ ነጭ ጥበብ ብቻ አጥፋ ከሣጥኑ በላይ አኖረቻት።

ፍልሰታ ገባ። የንስሐ አባቱ ታማሚ ነህና ብላ ቢሉት፣ እስከ ዛሬ ያልሻርኩትን ጾም ለአንድ ባት ብዬ አልሽርም አለ። እዚህ ድረስ የሚያስመሰግን ነው። ክፋቱ ንፍሮውንም አልበላም ማለቱ ነበር። እንጀራውን በተልባ እየነካ ይበላና ጣባውን ወደ ጎን ይገፋዋል።

«የየሺመቤት አባት፣ ባቄላውን ይቅመሱ እንጂ» ትለዋለች አስካለ።

«ባቄላማ የፈረስ ቀለብ ነው።»

«ፈረስ ታዲያ እግሩ ምን ሆነ?»

ደግፌ ጣባውን ይበልጥ ገፋውና ሐሳቡን ነገራት። ዶሮ አትጾምም፤ ዶሮዎቹ በየቀኑ የሚጥሉት እንቁላል በእንቅቡ እየተጠራቀመ ነው። የጾሙን ሁሉ ድርሻ በፍስኩ ቀን ባንዴ ይበላና ይካካሳል። ባቄላ እየቆረጠሙ መድከም ለምን? አስካለ የወጌሻውን ቃል አስታወሰችው። እሱም አያ ዘርጋው አርሰው ስለማያውቁ ስለ ጎተራ ምን ያውቃሉ አላት።

ጾሙ የተፈታ ዕለት አስካለ በማለዳ ተነሥታ፣ ከእንቅቡ ደኅና ደኅናውን መርጣ፣ ከደግፌ መደብ ሥር ጎጆዋን ለያዘችው ዶሮ አሳቀፈቻትና ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ለሱም ሁለት እንቁላል ጠብሳ፣ ወተት በዋንጫ አድርጋ ትታለት ነበር። ተመልሳ ስትገባ እንቅቡ ባዶ ነው። ወለሉ በቅርፊት ተሞልቷል። ወንድ ልጅ ጓዳ ገብቶ አይቀቅልምና፣ የቀረውን ሁሉ በመደቡ ጠርዝ እየሰበረ በጥሬው ጨልጦታል።

«ጨረስኩት» አላት፣ ጢሙን እየጠረገ።

«ምኑን?»

«እግሬን።»

ከቀትር በኋላ ሆዱ እንደ ነጋሪት ተነፋ። ማታ ሲሆን የበላውም ያልበላውም ወጣ። ጳጉሜን እስክትገባ ድረስ ከአጥሚትና ከውሃ በቀር የሚረጋለት ነገር ጠፋ፤ ያ ሸምበቆ እግር ይባስ ቀጠነ። አንድ ቀን ሊቆም ቢሞክር ጉልበቱ ከዳው፤ አስካለ በብብቱ ይዛ መለሰችው። አልተቆጣችም። ትንሿን ጥበብ ከሣጥኑ በላይ አንሥታ ወደ ሣጥኑ ስትከታት ግን አያት። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደግፌ የሚያየው ነገር ዶሮዋ ብቻ ሆነች። አንገቱን ከመደቡ ዘንበል ሲያደርግ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። በቀን አንዴ ወርዳ ትጭርና ሳትቆይ ትመለሳለች። እንቁላሎቹን በምንቃሯ ገልበጥ፣ ገልበጥ አድርጋ እንደገና ትተኛባቸዋለች። ዛሬም ያው፣ ነገም ያው። የሰለቸው እሱ እንጂ እሷ አይደለችም።

«ይቺ ዶሮ» አለ አንድ ምሽት፣ «በርትታ ባንድ ሌሊት ብታሞቀው አይፈለፈልም?»

አስካለ ጥጥ ትፈትል ነበር። ቀና አላለችም።

«ይቀቀላል እንጂ» አለችው።

ደግፌ ዶሮዋን አያት። ከዚያ ወደ አስካለ ዞረ።

«ከዚያ ባቄላ የተረፈ አለ?»

አለ። እሷ በየቀኑ ትንሽ እየቀቀለች ስታቆይለት ነበር። አንድ እፍኝ ሰጠችው፤ ሁለተኛ ሲለምናት ነገ አለችው። በማግሥቱ ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ ወተት። ረቡዕና ዓርብ ምስርና ሽምብራ። ሲያንሰው ያጉረመርማል፤ ሲበዛባት ትቀንሳለች። ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ምሰሶውን ይዞ ይቆማል፤ ይቀመጣል፤ ይቆማል።

አዲሱ ዓመት ከገባ በኋላ ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ። ደግፌ አንዷ ቅርፊቷን ሰብራ ስትወጣ፣ ላባዋ ሳይደርቅ በሁለት እግሯ ስትቆም አየ። ትንሽ ቀናባት ይባላል።

አስካለ በዚህ ጊዜ አንድ ዘዴ አመጣች። በርጩማውን ደጅ አውጥታ፣ ዱላ አስይዛ፣ ጫጩቶቹን ከጭልፊት ይጠብቁልኝ አለችው። ጫጩት ደግሞ አንድ ቦታ አይውልም። አንዱ ወደ አጥሩ፣ አንዱ ወደ ጎመኑ ሲል፣ ደግፌ ከበርጩማው መነሣት፣ እሽ ማለት፣ መቀመጥ፣ ደግሞ መነሣት ሆነ ሥራው። መጀመሪያ እስከ ደጃፉ፣ ሰንበት ብሎ እስከ አጥሩ፣ በኋላም እናቲቱ ወደ ምንጩ ስትወስዳቸው እስከ ምንጩ ድረስ ተከተላቸው።

«እነዚህን ማሰር አይቻልም?» ይላል ላቡን እየጠረገ።

«ሲያድጉ ይረጋጋሉ» ትለዋለች አስካለ ከጓዳ፣ ሳቋን እንዳያይባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

አንድ ጠዋት ደግፌ ሲነቃ ትንሿ ጥበብ ከሣጥኑ በላይ ተመልሳ ነበር።

ጥቅምት አጋማሽ ደረሰ። በየሺመቤት ቤት ክርስትናው አልቆ ሰው ተቀምጧል። አያ ዘርጋውም ከሽማግሌዎቹ ጋር ነበሩ። አንዱ፣ የሕፃኗ አያት በቃሬዛ ካልሆነ በዚህ ገደል አይመጣም ብሎ ሲናገር፣ የሺመቤት ሰምታ ወደ ጓዳ ገባች። ወዲያው ውሾች ጮኹ። ደግፌ ዱላውን ይዞ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በአጥሩ በር ገባ። አስካለ ከኋላው ናት። ገደሉን ሙሉ ከኋላው መጥታለች፤ እሱ ሊያርፍ በቆመ ቁጥር ነጠላዬ ተፈታ እያለች ቆማ ስታጣፋ ነበር።

የሺመቤት ከጓዳ ወጥታ ያባቷን ፊት ሳይሆን እግሩን አየች። ከዚያ ሕፃኗን አምጥታ በእቅፉ አስቀመጠችለት። አስካለ ጥበቧን አለበሰቻት። ደግፌም ለልጅ ልጁ ያመጣውን ስጦታ፣ በጋቢው ሥር አቅፎ ያሻገራትን ያደገች ጫጩት፣ መሬት ላይ ለቀቃት።

አያ ዘርጋው ተነሥተው የደግፌን ባት በእጃቸው ጨበጥ አድርገው ለቀቁት፤ በግቢው መሐል ፍርፋሪ እየለቀመች ወዲያ ወዲህ የምትለውን ጫጩት ጥቂት በዓይናቸው ተከትለው አዩና፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ።