ሦስት ሥራ የያዘች ቺፕ

ምላሷ ከመበየጃዋ የሚፋጅ አንዲት ሬዲዮ ጠጋኝ ነበረች። ለሰፈሯ እድር አዳራሽ ጥፍር የምታህል ቺፕ ገጠመችና ሦስት ፕሮግራም ጫነችባት፦ አንዱ ሲመሽ መብራት ያበራል፣ አንዱ ታንከሩ ሲሞላ የውኃውን ፓምፕ ያጠፋል፣ አንዱ ለቀብር ጥሪ ደወል ይደውላል።

ሰብሳቢው አቶ ወንድይፍራው ግን እሳቸው ያላዘዙት ነገር አይጥማቸውም። በጉባኤው ፊት ብድግ አሉና፣ «አንድ ጭንቅላት ሦስት ሥራ? በይ ንገሪኝ፣ በዚህች ቅጽበት የቱን እየሠራች ነው? ሦስቱንም ካልሽ ዋሽተሻል፤ አንዱን ካልሽ ሁለቱ ቆመዋል። ያኔ ነቅለሽ ትወስጃታለሽ፤ የእድራችንም ሰው ሁለተኛ ደጃፍሽን አይረግጥም!» አሏት።

ልጅቷ እጅ ነሳች። «አንዱን ነው ጋሼ። እርስዎ የእድሩም፣ የውኃ ኮሚቴውም፣ የወላጅ ኮሚቴውም ሰብሳቢ አይደሉ? አሁን የቱን እየሠሩ ነው?»

«እድሩን ነዋ!»

«ሌሎቹን ለቀቋቸው ማለት ነው?»

«ማን ለቀቀ? ተራቸው ሲደርስ እሠራቸዋለሁ!»

«እሷም በተራ ነው ጋሼ። ከመብራቱ ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ደወሉ እየዞረች፣ ዓይንዎን እስኪያርገበግቡ ሁሉንም ታዳርሳለች። የእርስዎ የውኃ ኮሚቴ ግን ከፋሲካ ወዲህ ተራው አልደረሰውም። መንቀሉ ካልቀረ፣ ከቆመው እንጀምር?»