ደብተር ማደሪያ

ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነበር። ሰኔ ከገባ ጀምሮ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነበር።

በእኛ ቀበሌ፣ ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ከምንጩ አጠገብ እንደ መደብ የተዘረጋ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከላዩ ቋጥኝ ስለተንጠለጠለበት ዝናብ አያገኘውም። ስሙ ደብተር ማደሪያ ይባላል። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ፈተናቸው አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት ደብተራቸውን እዚያ ደርድረው በነጭ ነጠላ ይሸፍኑታል፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እስኪያነሱት ድረስም አንዲት ፊደል አያነቡም።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ልማዱን ያመጡት ሚስ ላሊታ የሚባሉ ህንዳዊት የሒሳብ አስተማሪ ናቸው። የመጡት በ1961 ዓ.ም. ነው ይባላል። በቤታቸው ግድግዳ ላይ ባለመስተዋት ሥዕል ነበራቸው፤ ነጭ የለበሰች ሴት፣ እጆቿ አራት፣ በሁለቱ ክራርም በገናም ያልሆነ ባለረጅም አንገት መሣሪያ የምትመታ፣ በአንዱ መጽሐፍ፣ በአንዱ መቁጠሪያ የያዘች፣ ከእግሯ ሥር ነጭ ይብራ የሚሉት የውኃ ወፍ የቆመ። ስሟ ሳራስዋቲ እንደሆነ፣ በአገራቸው ተማሪ ሁሉ ትምህርት እንዲገለጥለት እሷን እንደሚለምን ተናገሩ። በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ሚስ ላሊታ መጽሐፎቻቸውን ሁሉ ከሥዕሉ ሥር አስቀምጠው በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ያሳድሩ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደምለው ሲሰማ ሳቀ። «አራት እጅ ካላት ለአረም ትምጣልን!» አለ። ይህን ያለው ደምለው ግን አንድ ጠዋት ለሚስ ላሊታ ውኃ ሊያደርስ ገብቶ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ሳይኖር ከጨርቁ ሥር ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ ብሎ እንስራውን ደፍቶ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህም በሥዕሏ ሴት አልቀለደም ይባላል።

በ1963 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የስምንተኛ ክፍል ልጆች የእኛንም አሳድሩልን ብለው ለመኗቸው። ሚስ ላሊታ መጀመሪያ እንቢ አሉ፤ ይህ የእኔ ጸሎት ነው፣ የእናንተ አባቶች ያዝኑብኛል አሉ። ልጆቹ አልለቀቋቸውም። በመጨረሻ ሥዕሉን ከቤታቸው ሳያወጡ ደብተሩን ብቻ ወደ ድንጋዩ አስወሰዱና ነጠላ አለበሱት።

«ዛሬ አይነበብም» አሉ።

«ታዲያ ነገ ምን ልንሆን ነው ሚስ?» አለች አንጓች የምትባል፣ ከክፍሉ አንደኛ የምትወጣ ልጅ።

«ዓመቱን ሙሉ እናንተ አነበባችሁ። ዛሬ እሷ ታንብብ።»

አንጓች አላስቻላትም። እንደሚነገረው በቀትር፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ ሳይኖር ወደ ድንጋዩ ወረደች። በምንጩ ዳር የነበሩት ነጫጭ ይብራዎች አልበረሩም፤ አንገታቸውን ብቻ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ እሷ አዞሩ። ነጠላውን ስትገልጥ ዘግታ ያስቀመጠችው ደብተር መካከሉ ላይ ተከፍቶ አገኘችው። ይዛው ሄደች፤ እስኪመሽ አነበበች።

በማግስቱ ጥያቄውን አንድ ቃል ሳትስት አነበበችው። ዓይኗን ከወረቀቱ ስታነሳ ግን ያነበበችው ከልቧ የለም። ደግማ አነበበች፤ የለም። ፈተናው ሲያልቅ ወረቀቷን ባዶውን ሰጠች። የወሰደችው የራሷን ደብተር ነው፤ ውስጡ የነበረው ግን እዚያው ድንጋዩ ላይ ቀረ ይላሉ። ሚስ ላሊታ ሥዕሉን ታቅፈው ከድንጋዩ ፊት ሦስት ቀን እየተመላለሱ ለመኑላት፤ ምን እንደተመለሰላቸው አልተናገሩም። ክረምቱ ሳይወጣ ወደ አገራቸው ሄዱ።

እትየ አንጓች ዛሬም ከምንጩ በላይ ትኖራለች። ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ እሷን ያስነብባል፤ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለተማርሁ ከባድ ጽሑፍ አይገባኝም፤ አንድ ጊዜ የግብር ወረቀት አስነብቤያት «ምን ይላል ታዲያ?» አልኋት።

«እኔ እንጃ ወንድሜ፤ አንተ ስትሰማ አልነበር?» አለችኝ።

ያም ሆኖ አላመንሁም ነበር። ድንጋይ ድንጋይ ነው እል ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሰኔ ልጄ ስመኝ ተፈታኝ ሆነች፤ ከዚህ ካላለፈች ለባል ትሰጥ የሚሉ ዘመዶች ደጄ ላይ ነበሩ። ፈተናው አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት ደብተሯን ከጓደኞቿ ጋር ድንጋዩ ላይ ሸፍና በቀትር መጣችና አጠገቤ ቆመች።

«አባ፣ የሒሳቡ አንድ ቦታ ጠፋኝ። አንድ ገጽ ብቻ ልየው?»

«አንቺ ቁጭ በይ። እኔ አመጣዋለሁ» አልሁ።

ወረድሁ። ቀትር ቢሆንም ጉሙ ገና ከምንጩ አልተነሳም። እትየ አንጓች ከድንጋዩ ፊት ቆማለች።

«ልትወስድ ነው?»

«የልጄን ነው።»

«የእኔም የእኔ ነበር» አለች።

ነጠላውን አየሁት። ነፋስ የለም፤ ነጠላው ግን አንድ ቦታ ላይ ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ። ይብራዎቹ አንገታቸውን ወደ እኔ አዙረው ነበር።

አማተብሁ። የእኔ ጸሎት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የልጄን ደብተር እጄን ሰድጄ እንደማላወጣ፣ ሌላም ሰው እንደማያወጣው ቆረጥሁ። ጀርባዬን ለድንጋዩ ሰጥቼ ከቋጥኙ ውጭ ተቀመጥሁ። ዝናቡ መጣ፤ እትየ አንጓች ወደ ቤቷ ወጣች፤ እኔ ጋቢዬን ተከናነብሁ። ስመኝ ስቆይባት ጊዜ አመሻሽ ላይ ወርዳ መጣች።

«አባ፣ ደብተሬስ?»

«ያነበብሽው ይበቃል። ግቢና ተኚ።»

ሄደች። ከኋላዬ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ፤ ቆየት ብሎ ሌላ ገጽ። አልዞርሁም። እስኪነጋ ከዚያ አልተነሳሁም።