የሰምበሌጡ ቋጠሮ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ሁሉ «የእኛ» የሚለው፣ ማንም ግን ለብቻው የማያጥረው ጥሻ ነበር። አሞራ ገደል ይሉት ነበር። ከላይ የመንደሩ እርሻ፣ ከታች ወንዝ፣ መሃሉ ሰው ከሰው የማይተያይበት እሾህና ሐረግ ነው። ሕጉ አጭር ነበር። ሞፈር አይገባበትም፤ ጠመንጃ አይጮህበትም። ክረምቱ ወጥቶ ሰምበሌጡ ሲቀላ ለየቤቱ ተራ ይደርሳል፤ የቤቱን ቀስት የያዘ ሰው አብሮት የሚገባውን ሰው መርጦ አንድ ወንድ ድኩላ ያድናል። ቀስት የሌለው ቤት ተራ የለውም። ሴት ደግሞ ጥሻውን አትረግጥም። ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ቢጠይቅም መልሱን የሚያውቅ አይገኝም ነበር።

ከቀስተኞቹ ሁሉ ስሙ የገነነ አባ ቢያድጌ ነበር። «ድኩላው ነገ የት እንደሚውል ራሱ ሳያውቅ ቢያድጌ ያውቅለታል» ይሉ ነበር። ታላቁ ልጁ ጓንጉል ይተኩስለታል፤ ታናሹ ደምሌ ይሮጥለታል። መሃለኛዋ ትርንጎ የመንደሩ ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች፤ በተማሪዎቿ ፊት ድምፅዋ እንደ ደወል ነው፣ ሽማግሌ ፊት ሲያቆሟት ግን የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ መሬት መሬት የምታይ ዓይነአፋር ናት።

ይህች ዓይነአፋር ሴት አንድ ነገር በሆዷ ይዛ ኖራለች። አባቷ ከመሞቱ ዓመታት ቀድሞ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ነበር። መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ዱካ የሚያይ ሲመስል የሚያየው የገዛ እጁን ጥላ ነበር። አንድ ጎህ ላይ ትርንጎን ከበሩ ላይ ጠራት።

«ተከተይኝ» አላት። «ዓይንሽን አበድሪኝ።»

«አባዬ፣ ሴት እኮ—»

«ዓይን ወንድ ነው ሴት?»

ከዚያ ወዲህ እንዶድ ለቀማ እያለች ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ ደወል ሳይደወል ትመለሳለች። ዱካውን እሷ ታያለች፤ መንገዱን በሰምበሌጥ ቋጠሮ ታመለክታለች፤ በአደን ቀን አባቷ ከልጆቹ ፊት ፊት እየሄደ ቋጠሮውን በጣቱ እየዳበሰ ይመራል። አባ ቢያድጌ ግራኝ ነበር፤ የፍየል በረትም ቢያስር፣ ጆንያም ቢቋጥር፣ ቋጠሮው ወደ ግራ የሚጠመዘዝ የእሱ ብቻ ነበር። ትርንጎም ማሰር የተማረችው ከእሱ ነውና እጇ ሌላ ቋጠሮ አያውቅም። እሱ በዓይኑ ያፍራል፣ እሷ በእግሯ፤ ሁለቱም ዝም አሉ።

አባ ቢያድጌ በበጋው ታሞ ሲያጣጥር ልጆቹን ሰበሰበ። «ከእንግዲህ ለእናታችሁ ድኩላ ያመጣላት፣ ቀስቴ የእሱ ነው» አለና ሄደ። የሽመሉን ቀስት እናታቸው ወይዘሮ ይታክቱ ከግድግዳ ላይ ሰቀለችው። እህል አልበላ አላት። ማታ ማታ ወደ በሩ ታያለች፣ ክረምቱም እንዲሁ እያየች ወጣ።

የቤቱ ተራ ሲቃረብ ወንድማማቾቹ ጥሻውን ሊቃኙ ገቡ። ገቡ፣ ወጡ፣ ተጣሉ። አንዱ ዱካው ትኩስ ነው ይላል፣ አንዱ የፍየል ነው ይላል። ትርንጎ ይህን እየሰማች መቀመጥ አልቻለችም። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ነፋሱ በመስኮት ዞሮ ሲገባ ጠመኔዋ ቃል መሃል ላይ ይቆማል። ሌሊቱን ትገላበጣለች። እግሯ እሳት የረገጠ ይመስል አንድ ቦታ አያርፍም። አባቷ ከሞተ ወዲህ ጥሻው ውስጥ አልገባችም ነበር፤ ምን ብላ ትገባለች?

ገባች።

ከአንድ ሾላ ሥር የወደቀው ፍሬ ተነክሷል። ከጎኑ ያለው ለጋ ግንድ ቀንድ ታክኮበት ልጡ ተልጧል፤ ወዙ ገና አልደረቀም። ጥቁር የሚያበራ በጠጥ አገኘች፤ በጭቃው ላይ ደግሞ የቀኝ ኮቴው ጫፍ የተሸረፈ ትልቅ ወንድ አልፏል። ቅጠሉ መሃል ቁጭ ብላ ከኪሷ የጠመኔ ስባሪ አወጣችና በጣቷ ፈጭታ ለቀቀችው። ነጩ ብናኝ በጎሁ ነፋስ ወደ ወንዙ ወረደ። ፀሐይ ገደሉን ስትነካው ደግማ ለቀቀች፤ አሁን ወደ ላይ ወጣ። ስለዚህ ከላይ የመጣ ሰው ጎህ ላይ ይሸተታል፤ ከወንዙ በኩል የመጣ ደግሞ ፀሐይ ከቀደመችው ይሸተታል። ወንድሞቿ ብቻቸውን ሲቃኙ የሚመጡት ከላይ ነበር፣ መንገዱ ስለሚያጥር። እሷ ከወንዙ ዳር ጀምራ እስከ ሾላው ትይዩ ድረስ ሰምበሌጡን እየጠመዘዘች አሰረች። ያሰበችው ወንድሞቿ መንገድ እንዳይስቱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ደምሌ እየሮጠ ቤት ገባ።

«እማዬ! አባዬ ጥሻው ውስጥ አለ!»

«ምን ትላለህ አንተ ልጅ?»

«ቋጠሮው! ወደ ግራ የዞረ፣ ትኩስ ቋጠሮ! ቅጠሉም ላይ እንደ ዱቄት የነጣ ነገር ተነስንሷል። አያ ጓንጉልም አይቶታል!»

ጓንጉል ከኋላ ገብቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አልሳቀም። ወይዘሮ ይታክቱ ተነስታ መሬት ሳመች። «የመልአክ ክንፍ ብናኝ ነው» አለች። «ሜዳ ላይ አልጣለንም።» የዚያን ዕለት ከወራት በኋላ ጠግባ በላች። ትርንጎ እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች፤ እናቷ በልታ ጣቷን ስትልስ አየችና መልሳ ዘጋችው።

አደኑን ትርንጎ አላየችም፤ የሰማችው ነው። ቀስቱ ለዕለቱ ከግድግዳ ወርዶ ጓንጉል ያዘው። ጎህ ሳይቀድ ቋጠሮውን ተከትለው ከወንዙ በኩል ወጡ። ጓንጉል ከሾላው ትይዩ ጭቃ ውስጥ ተንበረከከ። ጉንዳን በእግሩ ወጣበት፤ አንገቱ ደረሰ፤ አልተነቃነቀም። ድኩላው ብቅ አለ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ብቅ አለ። ከቅጠልና ከቅጠል መሃል የሚታየው የእጅ መዳፍ የሚያክል ጠጉር ብቻ ነበር። ጓንጉል ጅማቱን እስከ ጆሮው ሳበና ትንፋሹን ቆርጦ ያዘ፤ ጉንዳኑ ጉንጩን ነከሰው፤ ለቀቀ። ፍላጻው ጎኑን መታው። በዚያ ጥሻ፣ በዚያ ቀዳዳ፣ በአባ ቢያድጌ ዘመንም ቢሆን እንዲህ የተኮሰ የለም።

ድኩላው ግን አልወደቀም፤ ዘሎ እሾኩን ቀደደው። ጓንጉል «ተወው፣ ራቅ ብሎ ይተኛል፣ ከዚያ እንደርስበታለን» አለ። ሥጋው ለማይበላ አውሬ ቢሆን ትክክል ነበር። ደምሌ ግን አልጠበቀም። ሳይባረክ ከሞተ በክት ነው፤ እናታቸው አትቀምሰውም፣ የአባቱም ቃል አይፈጸምም። ጋቢውን ጥሎ ገባ። እሾኩ ሸሚዙን፣ ከሸሚዙ በታች ቆዳውን ወሰደ። የደሙ ነጠብጣብ ሲጠፋ በሆዱ ተሳበ፤ ገደሉን በቂጡ ተንሸራተተ፤ ወንዙን ቢላውን በጥርሱ ነክሶ ተሻገረ። ድኩላው ማዶ አሸዋው ላይ ተኝቶ የመጨረሻ ትንፋሹን ሲስብ ደረሰ፤ «በስመ አብ» ብሎ አረደው። ተሸክሞት ሲመለስ ደሙ የማን እንደሆነ አይለይም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቆዳው በግቢው ተወጥሮ ጎረቤት ተሰበሰበ። የጥሻው ዳኛ አያ ምንይችል በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቀስቱ ወደ ግድግዳው ተመልሶ ነበር።

«እንግዲህ ቀስቱ የማን ነው?» አሉ።

«የመታው እጅ ነዋ» አለ ጓንጉል። «ፍላጻዬ ባይኖር ደምሌ ዛሬ ማንን ሊያባርር ነበር? ዝንጀሮ?»

«አያ ጓንጉል፣ አንተማ መትተህ ተቀመጥክ!» ደምሌ እሾህ ከክርኑ እየነቀለ መለሰ። «እኔ ባልደርስ ዛሬ እንግዶቻችን ጅቦች ነበሩ።»

«ለጅብም ቢሆን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ቀስቱን ጅቦቹ ይስጡሃ!»

ሰው ሳቀ። አያ ምንይችል እጃቸውን አነሱ። «የመታም የደረሰም አለ። ያገኘውስ? ጥሻው ሰፊ ነው፤ ማን እዚያ ቦታ አደረሳችሁ?»

ወይዘሮ ይታክቱ ከጓዳው በር ቆማ፣ «ቢያድጌ ነዋ» አለች፤ ፊቷ ያበራ ነበር።

ሽማግሌው ጺማቸውን ቆዝመው አሹ። «እንዲህ ከሆነ የሟቹ ቃል ተፈጽሟል። ድኩላውን ለሚስቱ ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ቀስቱ ከመቃብሩ ራስጌ ይተከል።»

ጓንጉል ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ የአባቱን መንፈስ ፈርቶ ዘጋው። ደምሌም አቀረቀረ። እናታቸው በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ትርንጎ ቀስቱን አየችው። ምስጥ ሲበላው ታያት። ቀስት የሌለው ቤት ተራ የለውም። ወንድሞቿ ካልገቡ እሷ ለማን ዱካ ታነባለች? ጎህ፣ ሾላው፣ በጭቃ ላይ የተሸረፈ ኮቴ፣ ሁሉም ተዘጋ። ዝም ካለች የእናቷ ደስታ ይተርፋል። ከተናገረች ግን... እግሯ ቀድሟት ወደ መሃል ወጣ።

«አባዬ አይደለም» አለች፣ ነጠላዋን ነክሳ።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ፣ ልጆች ፊት እንደምትጮኺው!» አሏት ዳኛው።

«ቋጠሮው... የእኔ ነው።»

ጓንጉል ሳቀ። «የአንቺ? እንዶድ ስትለቅሚ ድኩላ አገኘሽ?»

አያ ምንይችል አልሳቁም። ከቤቱ ክዳን ላይ ሰምበሌጥ መዘው ሰጧት። «እሰሪ እስቲ።»

ትርንጎ ጣቷን ሳታይ ጠመዘዘች። ቋጠሮው ወደ ግራ ዞሮ ተቀመጠ።

«እታለም፣ ነጩ ብናኝስ?» ደምሌ በቀጭን ድምፅ ጠየቀ።

ከኪሷ የጠመኔውን ስባሪ አውጥታ መዳፏ ላይ አሳየችው። ከኋላ አንዲት ጎረቤት ክክክ ብላ አፏን በእጇ ከደነች። ትርንጎ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች፤ ቢሆንም ጀምራለችና የአባቷን ዓይን፣ የጎሁን መንገድ፣ የዓመታቱን ዝምታ ሁሉ፣ ከመሬት ቀና ሳትል ነገረቻቸው።

«ስለዚህ ሕግ አፍርሰሻል» አለ ጓንጉል፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ሴት በረገጠችው ዱካ የተገኘ ድኩላ ድርሻ ያሰጣል?»

«በረገጠችው ዱካ ነው እኮ አንተም የተኮስከው!» አለ ደምሌ።

«አንተስ የሮጥከው?»

አያ ምንይችል ለመፍረድ ተነሡ፤ ተቀመጡ። ቢላው ባይደርስ በክት ነበር፤ ፍላጻው ባይመታ ቢላው የሚያርደው የለም፤ ቋጠሮው ባይኖር ፍላጻው ከሰገባው አይወጣም። ያ ቋጠሮ ደግሞ ሕግ የጣሰ እግር ያሰረው ነው። እግሩን የላከው ግን ከጥሻው ቀስተኞች ሁሉ የሚከበረው ራሱ ሟቹ ነው። ዳኛው እንደገና ተነሡ፤ እንደገና ተቀመጡ።

ወይዘሮ ይታክቱ ወደ ልጅዋ ቀረበች። ቋጠሮውን ከእጇ ወስዳ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ቢያድጌ አልመጣም ማለት ነዋ?»

እናትየው ቋጠሮውን አልጣለችውም፤ መቀነቷ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ገብታ ቀስቱን አወረደችና ይዛው ወጣች፤ ለማን እንደምትሰጠው ግን ያወቀች አትመስልም ነበር።

ነፋሱ ዞረ። ከአሞራ ገደል በኩል ሌላ ድኩላ እንደ ውሻ አንድ ጊዜ ጮኸ። የትርንጎ ራስ ከሁሉ ቀድሞ ድምፁ ወደመጣበት ዞረ። የጓንጉል እጅ ወደ ቀስቱ ተዘረጋ። የደምሌ እግር ከመሬቱ ተነሣ። እናትየው ሦስቱንም አየቻቸው፤ ቀስቱ አሁንም በእጇ ነው።

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ፤ እኔ ስፈርድና ስሽር ብዙ ሌሊት አንግቻለሁ። ላገኘችው ነው፣ ለመታው ነው፣ ወይስ ሳይሞት ለደረሰበት? የአባ ቢያድጌ ቀስት ለማን ይገባል?