የእመት አህዪት መቀነትና ባለሁለት ወንበሯ መኪና

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ጫካው ሰልችቷቸው ከተማ በቆረቆሩበት ዘመን፣ እመት አህዪት የምትባል አዋላጅ ነበረች። ምጥ የያዛት እናት ሁሉ የምትልከው ወደ እሷ ነው። እሷም ወገቧን በመቀነቷ ሸብ አድርጋ ትሄድና እናቲቱን በጀርባዋ ተሸክማ ኮረብታው ላይ ወዳለው ጤና ጣቢያ ታደርሳለች። ስንት ዓመት እንዲህ እንደኖረች ተጠይቃ አታውቅም፤ ብትጠየቅም አታስታውሰውም።

አሁን ግን ጉልበቷ ከድቷታል። ባለፈው ክረምት ጥንቸልን ተሸክማ ስትወጣ ዳገቱ መሐል ላይ ጉልበቷ ተብረከረከና ልጆቹ እዚያው ጭቃው ላይ ተወለዱ። ደግነቱ ሁሉም ተረፉ። እመት አህዪት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በጣም ትፈራ ነበር። የሚቀጥሉትስ ባይተርፉ?

ወሬው የከተማው ሹም አያ አንበሶ ጆሮ ደረሰ። ጉባኤ ጠራና «ከእንግዲህ እናቶች በመኪና ይመላለሱ። ማን ይንዳ?» ሲል ጠየቀ።

አያ ጅቦ ከሁሉ ቀድሞ ብድግ አለ። «እኔ አለሁ ጌታዬ። በተለይ የፍየሎችንና የበጎችን ሰፈር ለእኔ ይተዉልኝ። ነፍሰ ጡር ሳይ አላስችል ይለኛል።»

ፍየሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ ጅቦ ዘመደ ብዙ ነውና ደፍሮ የተናገረ አልነበረም። እመት አህዪት ግን ተነሳች። «ጌታዬ፣ ይህ የኖርኩበት ሥራ ነው። መንዳት ከሆነ እማራለሁ።»

አያ አንበሶ ጎፈሩን አሻሸ። «እንግዲያው ሁለታችሁም ከመኪና ነጋዴው ከቀበሮ ግቢ አንዳንድ መኪና ምረጡ፤ ከፋዩ ከተማው ነው። ከዚያ መጀመሪያ ምጥ የያዛትን እናት በደህና ጤና ጣቢያ ያደረሰ ሥራውን ይወስዳል።»

እመት አህዪት ወደ ቤቷ ስትመለስ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከተሸነፈች የከተማው እናቶች አያ ጅቦ መኪና ውስጥ ሊገቡ ነው። መግባቱን ይገባሉ፤ መውጣታቸውን ግን እንጃ።

ስለዚህ ቀበሮ ዘንድ ከመሄዷ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ከተማውን ዞረች። በየጉራንጉሩ እየገባች መቀነቷን ፈትታ ከግድግዳ ግድግዳ እየዘረጋች ለካች። ዝንጀሮ ጣሪያ ላይ ሆኖ «አሮጊቷ ዛሬ ደግሞ ግድግዳ ልታዋልድ ነው» እያለ ሳቀባት። እሷ መለካቷን ቀጠለች። ከሁሉ የጠበበው ወደ ፍየሎች ሰፈር የሚያስገባው የጓሮ መንገድ ነበር፤ በሸክላ ሠሪዎቹ ቤቶች መሐል ያልፋል። እዚያ ስትደርስ መቀነቷ ላይ ቋጠሮ አሰረች።

ቀበሮ ግቢ አያ ጅቦ ቀድሟት ደርሶ ነበር። ሞተርም አላየ፣ ጎማም አልነካ። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው።

«ስንት ይይዛል?»

«አሥራ አንድ ያስቀምጣል» አለ ቀበሮ፣ ትልቁን መኪና መታ መታ እያደረገ። «ከኋላው ደግሞ ሁለት በሬ ቆሞ ይሄዳል።»

«ቆሞ?»

«ተጋድሞም ይሄዳል።»

«በቃ፣ ወሰድኩት» አለ አያ ጅቦ ምራቁን ዋጥ አድርጎ።

ቀበሮ ወደ እመት አህዪት ዞረና እጅ ነሳ። «ለእርስዎም የዚሁ ወንድም የሆነ መኪና አለኝ። ወንበሩ በሙሉ ቆዳ ነው።»

«የማን ቆዳ?»

ቀበሮ ዓይኑን ሰበረ። «ያው... ቆዳ ነዋ።»

እመት አህዪት ነገሩን አልገፋችበትም። መቀነቷን ዘርግታ አንዱን መኪና ለካች፤ ቋጠሮውን አልፎ ሄደ። ሌላውንም ለካች፤ እሱም አለፈ። እንዲህ እያለች ግቢው ጥግ ደረሰች። እዚያ አንዲት ትንሽ መኪና አቧራ ለብሳ ቆማለች። በሯ ሁለት፣ ወንበሯም ሁለት ነው። ውስጧ ሦስት ዶሮዎች ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋል።

«ይቺስ?»

ቀበሮ ሳቁ አመለጠው። «ኧረ እመት አህዪት፣ ይቺ መኪና አይደለችም፣ ቀልድ ናት። ደግሞም አትሮጥም። ከእርስዎ ሶምሶማ ብትበልጥ በጥቂት ነው።»

«ዳገት ትወጣለች?»

«ቀስ ብላ ትወጣለች።»

«ፍሬኗስ?»

«ፍሬኗ ደህና ነው። ግን ከፋዩ እኮ ከተማው ነው። ትልቁን ቢወስዱ ማን ይቆጣዎታል?»

«ፍየሎች ሰፈር ስደርስ ግድግዳው ይቆጣኛል» አለች እመት አህዪት። «እስቲ ንገረኝ፣ በዚህ ከተማ ሮጦ የሚያውቅ መኪና አለ? ከአደባባዩ እስከ ገበያው ሁሉም ቆሞ ነው የሚውለው። ወንበሩም ይበቃኛል። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእናትየዋ። ልጁ እንደሆነ ታቅፎ ነው የሚመለሰው።»

መቀነቷን መኪናዋ ላይ ዘረጋች። እስከ ቋጠሮው አንድ ሰኮና ያህል ተረፈ። በሩን ስትከፍተው ሦስቱ ዶሮዎች ዘለው ወጡና እየመረቋት በአጥሩ ቀዳዳ ሾለኩ። ቀበሮ በዓይኑ ሸኛቸው፤ ምሳው እንደሄደ ገባው።

ሳምንት አልሞላም፤ እመት አህዪት መንዳቱን ገና ተምራ መጨረሷ ነበር። በገበያ ቀን ረፋድ ላይ ቁራ እየጮኸ መጣ። «ፍየል ምጥ ይዟታል! መንታ ነው ይላሉ!»

አያ ጅቦ ሞተሩን አስነስቶ ተፈተለከ። ነገር ግን በጅቦች ወግ ባዶ ወንበር ይዞ ዘመድን አልፎ መሄድ ትልቅ ነውር ነው፤ ቂሙ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ስለዚህ አክስቱ በር ላይ ቆመ።

«ወዴት ነው?» አለች አክስቱ።

«ፍየል ላመጣ።»

«እንዲያ ከሆነማ እኔም አለሁ» ብላ ገባች። ከዚያ አማቹ ገባ፣ ከዚያ የአማቹ ወንድሞች። አሥሩ ወንበሮች እስኪሞሉ ድረስ መኪናው በየበሩ ሲቆም ቆየ።

እመት አህዪት በዚህ መሐል አደባባዩ ላይ ደርሳ ነበር። መንገዱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። እሷ በዝሆኑ ጭነት መኪናና በግድግዳው መሐል ሾልካ፣ በግመሎቹም ጎን አድርጋ አለፈች። ሰፊው አውራ መንገድ ላይ ግን በዘመዶቹ ሰፈር ዞሮ የመጣው አያ ጅቦ ደረሰባት። ጭቃ እየረጨ ሲያልፋት በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ያቺን የዶሮ ቤት እየገፋሽ ነው የምትደርሺው?» አላት። አሥሩም ዘመዶቹ ሳቁ። እመት አህዪት አፈረች፤ ፈራችም። መሪዋን ግን አልለቀቀችም።

የፍየሎች ሰፈር መግቢያ ስትደርስ የአያ ጅቦ መኪና በሙሉ ፍጥነት መጥቶ ዋናው ጉራንጉር ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ተሰንቅሯል። ወደ ፊትም ወደ ኋላም አይልም። በሩን ቢገፉት ግድግዳ ነው። ውስጥ አሥራ አንድ ጅብ እርስ በርሱ ይናከሳል። መንገዱ ተዘጋ፤ ፍየልም ማዶ ቤቷ ውስጥ ትጮሃለች።

እመት አህዪት መቀነቷን ዳሰሰች። ቋጠሮው እዚያው ነው። መኪናዋን አዞረችና በሸክላ ሠሪዎቹ ጓሮ ገባች። ጆሮዋን ወደ ውስጥ ሰበሰበች፣ ትንፋሿን ዋጠች። በዚህ በኩል ግማሽ ሰኮና፣ በዚያ በኩል ግማሽ ሰኮና። አንድም ማሰሮ ሳይሰበር አለፈች።

የፍየል በር ተቀርቅሯል። «ማነው?» አለ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ።

«እኔ ነኝ ልጄ። አንቺንም እናትሽንም ያዋለድኩ።»

«ጅቦቹስ?»

«ራሳቸውን አስረዋል። ክፈቺ።»

ፍየል ከጎኗ ተቀመጠች። ዳገቱን ሲጀምሩ «እባክዎ ይፍጠኑልኝ» እያለች አለቀሰች። እመት አህዪትም «አይዞሽ፤ አንቆምም» አለቻት። እውነትም አልቆሙም። በግራም በቀኝም የቆሙትን ትልልቅ መኪኖች አንድ በአንድ እየተዉ ወጡ። ጥንቸል ጭቃው ላይ የወለደችበት ቦታ ሲደርሱ መኪናዋ አቃሰተች፤ ግን ወጣች። እመት አህዪት እንባዋ መጣ። በሕይወቷ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም።

መንታዎቹ ጤና ጣቢያው አልጋ ላይ በደህና ተወለዱ፤ አንዷ ጥቁር፣ አንዱ ቡሬ። አያ አንበሶ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር።

«አያ ጅቦስ የት ቀረ?»

«ዘመዶቹ በኋላው መስኮት ወጥተው ወደየቤታቸው ሄደዋል» አለ ቁራ። «እሱ ግን ሆዱ አላሳልፈው ብሎ እስከ አሁን መስኮቱ ላይ ነው።»

አያ አንበሶ ከት ብሎ ሳቀ። መንገድ ልቀቁላት የሚያሰኝ ነጭ ባንዲራ አስመጥቶ በገዛ እጁ ትንሿ መኪና ላይ ሰቀለላት። «ሥራው የአንቺ ነው» አላት። ፍየሎቹ፣ በጎቹ፣ ጥንቸሎቹ ከኮረብታው እስከ ገበያው እልልታውን አቀለጡት። ዝንጀሮም ከጣሪያው ወርዶ መኪናዋን አጠበላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ከተማ ጭቃ ላይ የተወለደ ልጅ የለም፤ እመት አህዪትም ያን ቋጠሮ አልፈታችውም።

ከዚህ የምንማረው፣ መኪናም ሆነ ሌላ ነገር ስንመርጥ ለታይታ ትልቁን ከማንሳት ይልቅ መንገዳችንንና ሥራችንን አስቀድመን ብንለካ፣ በዝግታም ቢሆን ካሰብንበት እንደምንደርስ ነው።