የሺጌ ቦይ የጨሰ ዕለት

በኛ በቶቺሃራ ሸለቆ፣ ሰው ሳይጠየቅ ደግ ልሁን ብሎ ነገር ሲያበላሽ የሚባል ቃል አለ። የዛሬ ልጆች ይሉታል፤ ከየት እንደመጣ ጠይቋቸው፣ አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ቃል ከሰማይ የሚወርድ ይመስላቸዋል። ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ነው። ቃሉ የወጣው ከሺጌ ቤት ነው።

ሺጌ አንዲት ልጅ ብቻ ያላት ባልቴት ነበረች። ከቤቷ በላይ ያሉት ቤቶች አንድ በአንድ ተዘግተዋል፤ ወጣቱ ወደ ከተማ፣ ሽማግሌው ወደ አፈር። በኛ ወግ ወንድ ልጅ የሌለው ቤት አማች ያስገባል። አማቹ የቤቱን ስም ይይዛል፣ እርሻውን ያርሳል፣ የሙታኑን መቃብር ይጠርጋል። ግን ማን ጤነኛ ሰው ነው ከተማ ትቶ ገደል ሥር የሚገባው? የሺጌ ልጅ ኖቡ ታች በሐር ፋብሪካ ስትሠራ ኤይኪቺ የሚባል ሰዓት ሠሪ አገኘች። ወላጆቹ ቀድመው የሞቱበት፣ በኪራይ ክፍል ብቻውን መኖር የለመደ ነው። «እገባለሁ፤ መጀመሪያ ግን ቤቱን ልየው» አለ። ቤቱን ከጠላው ኖቡ እሱን ተከትላ ትሄዳለች፣ የሺጌም በር እንደ ሌሎቹ ይቸነከራል። ነገሩ ይኸው ነው።

የሚመጣበት ቀን የሺጌ የገንዳ ተራ ሆነ። ያኔ እንጨት ለመቆጠብ ጎረቤት በየተራ አንድ ትልቅ የእንጨት ገንዳ ውሃ ያሞቅና ሁሉም እዚያው ይታጠባል። እድፍን ከገንዳው ውጭ በጣሳ አለቅልቆ፣ ንጹሕ ገላ ይዞ መግባት ነው፤ ውሃው አይቆሽሽም። እንግዳ ይቀድማል፣ ሽማግሌ ይከተላል፣ የቤቱ ሴት መጨረሻ ትገባለች። ይህን ለማንም የሚያስተምር የለም። ሁሉ ያውቀዋላ!

ቧንቧው በውርጭ ደርቆ ስለነበር ሺጌ ከማለዳ ጀምራ ባልዲዎቿን በትከሻ እንጨት አንጠልጥላ ከወንዝ ስትቀዳ ዋለች። በትዕግሥት እንዳይመስላችሁ፤ እየረገመች ነው። ወገቧ የሷ መሆኑ ቀረ። አንድ ነገር ብቻ አሰበች፤ ሁሉም ታጥቦ ሲያበቃ እስከ አንገቷ ትገባለች፣ ማንም አይጠራትም።

ኤይኪቺ ከሰዓት በኋላ ጫማው ረጥቦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ደረሰ። ኖቡ ገና ከሥራ አልወጣችም።

«ግባና ታጠብ፣ ልጄ።»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ እንጂ!»

«ግባ አልኩህ። አታድርቀኝ።»

ገባ። ሺጌ ምድጃው አጠገብ ጋደም አለች። ዓይኗ ሊከደን ሲል ከወደ መታጠቢያው ጉርርር የሚል ድምፅ ሰማች። ድምፁን ታውቀዋለች። ልነሳ አለች፣ ወገቧ እምቢ አላት። ግድግዳ ይዛ እስክትቆም ድምፁ አለቀ።

እንግዳው እንደ በሰለ ቃሪያ ቀልቶ ወጣና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

«እማማ፣ እድፌን ትቼልዎ እንዳልወጣ ብዬ ውታፉን ነቅዬ ደፋሁት። ገንዳውንም በሳሙና አሽቼዋለሁ። የምከራየው ቤት እመቤት ሁልጊዜ እንዲህ አድርግ ይሉኛል።»

ሺጌ አፏን ከፈተች። ብትሰድበው ይሄዳል፤ እሱ ከሄደ ኖቡም ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ ዋጥ አድርጋው የማታውቀውን ምላሷን ዋጠች።

ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቷ አባባ ጂንፓቺና ሚስታቸው ማትሱ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል።

«ዛሬ አላሞቅሁም» አለች ሺጌ ቶሎ ብላ። «ወገቤን አሞኝ።»

«አላሞቅሽም?» አሉ ጂንፓቺ። «ታዲያ ቦይሽ ምን ነክቶት ይጨሳል? በደጃችን ሲያልፍ አይተነዋል። አረፋም ነበረው።»

«ዓሦቹ ከኛ ቀድመው ታጠቡ» አሉ ማትሱ።

ኤይኪቺ ፎጣዎቹን አየ። የሺጌን የተሰነጣጠቀ እጅ አየ።

«እናንተም… በዚያው ውሃ ነበር?»

«ታዲያ በምን ልንታጠብ ኖሯል? በምራቃችን?» አሉ ጂንፓቺ።

ኤይኪቺ ወደ ደጁ ሄዶ እርጥብ ጫማውን ማጥለቅ ጀመረ። ያፈረ ሰው አይመለስም። አለቀ፣ አለች ሺጌ በልቧ፤ ድካሟ ከመብዛቱ የተነሳ ማለቁ ራሱ ዕረፍት መሰላት። ይዘጋ ቤቱ። እሷም ትተኛ።

«እማማ» አለ ኤይኪቺ ቀና ሳይል፣ «ወንዙ በየት በኩል ነው?»

የትከሻ እንጨት ተሸክሞ የማያውቅ ሰው በበረዶ ላይ ሲሄድ አይታችኋል? አንዱ ባልዲ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። ወደቀ፣ ተነሳ፣ እንደገና ቀዳ። ሦስቱ ሽማግሎች ምድጃውን ከበው በመስኮት ያዩታል።

«ግማሹን ለመንገዱ አጠጣው» ይላሉ ጂንፓቺ።

«ዝም ይበሉ፣ አባባ። ይሰማል» ትላለች ሺጌ።

እንጨቱ አልበቃም፤ ውሃው ለብ ብሎ ቀረ። ጂንፓቺና ማትሱ ገብተው እየተንቀጠቀጡ ወጡ። ኤይኪቺ እርጥብ ሸሚዙ በውርጭ ደርቆ እንደ ጣውላ ቆሞበት፣ «እርስዎ ይግቡ፣ እኔ መጨረሻ» አላት ሺጌን። መጨረሻ የሚገባው የቤቱ ሰው እንደሆነ የነገረው የለም። ሺጌም ለመከራከር አቅም አጥታ ገባች። ውሃው ከወገቧ አላለፈም። ቢሆንም ተቀመጠችበት።

ሲመሻሽ የኖቡ ድምፅ ከደጅ ተሰማ። «ውይ! ጸጉርህ በረዶ ሠርቷል! አባባ ጂንፓቺ፣ ምን አደረጋችሁት?»

«ምንም አልሆነም!» ብላ ጮኸች ሺጌ ከገንዳው ውስጥ። «ነገ ደግሞ እንጨት ይፈልጣል!»

«እሺ፣ እማማ» አለ ኤይኪቺ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ኖቡ ግን አልገባትም። «ምን አጥፍቶ ነው?» አለች። ጂንፓቺ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ሲወጡ ሺጌ ከውስጥ ሰማቻቸው፤ «ምንም አላጠፋ ልጄ፣ ጨዋ ልሁን ብሎ ነው፤ የፊተኛ ጨዋነት የኋለኛ ብርድ ነው።»