የስጋጃ ተራው ብርሃን

አንድ የስጋጃ ነጋዴ በፋርስ ምድር፣ በበረሃ ጫፍ ባለች ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ሲያማክ ይባላል። ይህ ሰው በሱቁ ካሉት ስጋጃዎች ሁሉ አንዱን ብቻ አይሸጥም። ሚስቱ ጎልናር አራት ዓመት ሙሉ ቋጠሮ በቋጠሮ ስትሠራው የኖረችው ስጋጃ ነው፤ ሮማን የመሰለ ቀይ መሬት ያለው፣ ዳርና ዳሩን ሰማያዊ ወፎች የከበቡት። ስጋጃውን ከሽመና እንጨቱ ላይ ባወረደችበት ክረምት ታመመችና ሞተች። ከመሞቷ በፊት ባሏን ጠርታ፣ «ይህ የሸህርባኑ ነው። ስትዳር ከእግሯ ሥር አንጥፍላት» ብላ አደራ ሰጠችው። ሸህርባኑ አንድያ ልጃቸው ናት፤ ያኔ ገና የዘጠኝ ዓመት ሕፃን ነበረች።

ሲያማክ አደራውን ሣጥን ውስጥ ቢያስቀምጠው ይህ ታሪክ ባልተነገረ ነበር። እርሱ ግን ሱቁ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ሰቀለው። መንገደኛ ቆሞ ዋጋ ሲጠይቀው፣ «አይሸጥም» ማለት ደስ ይለው ነበር። ሐዘንና ኩራት አንድ ልብ ውስጥ አብረው ማደር ይችላሉ።

ያ ገበያ እንደ እኛ አገር ገበያ ሜዳ ላይ የሚውል አይደለም። በጥንት ዘመን የሲራራ ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን እየነዱ ሲመጡ ከፀሐይና ከአሸዋ እንዲጠለሉበት ተብሎ ከዳር እስከ ዳር በጡብ ጣራ የተሸፈነ ነው። ውስጥ ለውስጥ ሲሄዱበት መዳብ ተራ፣ ቅመም ተራ፣ ጫማ ተራ እያለ ይቀጥላል፤ መሐል መሐሉን መስጊዱ፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ የእንግዳ ማረፊያው ይገኛል። ጣራው ጉልላት ከጉልላት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፎ የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጉልላት አናቱ ላይ አንዲት ክብ ቀዳዳ አለችው። በእርሷ የሞቀ አየር ይወጣል፣ ብርሃን ይገባል። ውጪው እንደ እሳት ሲፋጅ ውስጡ ቀዝቃዛ የሚሆነው በዚህ ብልሃት ነው።

ስጋጃ ተራ ላይ ያለችው ቀዳዳ ግን ሌላም ሥራ ነበራት። ስጋጃ በጥላ አይገዛም፤ ጥላ ቀለም ይዋሻል። ገዢ ሁሉ ብርሃን ላይ አንጥፉልኝ ይላል። ብርሃኑ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሲያማክ ባለበት ወገን ያርፋል፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ማዶ ይሻገርና ሐጂ ገፋር የሚባሉት ሽማግሌ ሱቅ ደጃፍ ላይ ይውላል። ስለዚህ በተራው አንድ ልማድ ነበር። ብርሃን የሸሸው ነጋዴ ስጋጃውን ተሸክሞ፣ ገዢውን አስከትሎ፣ ብርሃን ያለው ጎረቤቱ ደጃፍ ሄዶ ያነጥፋል። ባለ ደጃፉም የራሱን ዕቃ ሰብስቦ ቦታ ይለቅለታል፤ ገዢው ቢጠማው ውሃ ይሰጠዋል። ጠዋት ሐጂ ገፋር ሲያማክ ደጃፍ ያነጥፋሉ፣ ከሰዓት ሲያማክ እርሳቸው ደጃፍ ያነጥፋል። በዚህ ልማድ ማንም ሳይከስር ዘመናት አለፉ።

ሲያማክን የቆጨው ንግዱ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ሲደምቅ፣ የጎልናር ስጋጃ ጨለማ ውስጥ መቅረቱ ነው። ቀዩ ጠይም ይሆናል፣ ወፎቹ አይታዩም፣ ሰው ዘወር ሳይል ያልፋል። «በሕይወቷም ብዙ ብርሃን አላየች» እያለ ይብሰለሰል ነበር።

አንድ ዓመት የስጋጃ ተራው ጉልላት ተሰነጠቀ። ሲያማክ፣ «ማሳደሻውን እኔ እችላለሁ» አለ። ተራው ሁሉ መረቀው። እርሱም አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ጠራና፣ የመሐሉ ቀዳዳ ተደፍኖ ሰፋ ያለ ሌላ ቀዳዳ በእርሱ ሱቅ አናት በኩል እንዲከፈት ነገረው።

ግንበኛው ወደ ላይ አንጋጦ ቆየና፣ «ጌታዬ፣ ይህች ቀዳዳ ለተራው የተከፈተች ናት እንጂ ለሱቅ አይደለችም» አለ።

«የማሳድሰው እኔ ነኝ።»

«ጉልላቱን ነው የሚያሳድሱት። ብርሃኑን የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ እንዲያልፍ አድርገው ነው የሠሩት። የቆመ ብርሃን ምን እንደሚያደርግ እኔ አላውቅም፣ እጄንም አላስገባበትም» ብሎ መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ።

ሲያማክ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጥያቄ የማያበዛ ሌላ ግንበኛ አገኘና እንደ ወደደ አሠራው። ከዚያ ወዲያ ብርሃኑ ከሦስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት የጎልናርን ስጋጃ ሳይለቅ ይውል ጀመር። ቀዩ እንደ ፍም በራ። ሰው ከመዳብ ተራ ሳይቀር እየመጣ አየው። ሲያማክ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ያንን ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀር ነበር፤ በእውነት ከፍቅር ነው ያደረገው። ሐጂ ገፋር ግን ከሰዓት በኋላ የነበራቸው ብርሃን ጠፋባቸው። ስጋጃቸውን ተሸክመው ሲመጡ ሲያማክ፣ «ዛሬ ደጃፌ ሞልቷል» ይላቸው ጀመር። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመለሱ በኋላ መምጣቱን ተዉት።

ሲያማክ ፀሐይ ቀለም እንደምትበላ የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። የስጋጃ ነጋዴ ልጅ ይህን ዳዴ ሲል ነው የሚማረው። ነገር ግን የሚሸጠው ዕቃ ዛሬ ገብቶ ነገ ይወጣል፤ ፀሐይ የምትጎዳበት ጊዜ የለም። ከቦታው የማይነቃነቅ አንድ ስጋጃ ብቻ ነበር። እርሱንም በየቀኑ ስለሚያየው ሲለወጥ አላየውም።

ያዩት ሐጂ ገፋር ናቸው። አንድ ዓመት እንዳለፈ ምርኩዛቸውን ይዘው ተሻገሩና፣ ገዢዎች በተቀመጡበት፣ «ልጄ፣ የጎልናርን ስጋጃ አውርደው። ቀዩ እየሸሸ ነው» አሉት።

ሲያማክ ፈገግ ብሎ፣ «ሐጂ፣ የሸሸዎት ብርሃኑ ነው። ቀዩማ እዚሁ አለ» አላቸው። ገዢዎቹ ሳቁ። ሐጂ ገፋር ወደ ጨለማው ሱቃቸው ገቡ። ሲያማክም በልቡ፣ ምቀኝነት በእርጅናም አይለቅም ለካ አለ። ሁለት ዓመት ደግሞ አለፈ። ሐጂ ገፋር ገዢ ሲያጡ ሱቃቸውን ዘግተው ቤታቸው ዋሉ።

ሸህርባኑ ለአቅመ ሔዋን ደርሳ የሠርጓ ሳምንት ሲቃረብ፣ አባቷ ከእርሷ ጋር ሆኖ ስጋጃውን ከግድግዳው አወረደው። ተንበርክካ ስትጠቀልለው ጫፉ ተገለበጠና የጀርባው ቀለም ታየ። ጀርባው የሮማን ቀይ ነው። ሸህርባኑ ፊቱን አየች፣ መልሳ ጀርባውን አየች። ፊቱ የደረቀ ሸክላ መስሏል፤ ወፎቹ ከአመድ አይለዩም።

«አባባ፣ እናቴ የሠራችው የትኛውን ነው?» አለችው።

ሲያማክ ስጋጃው ላይ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። የጎልናር አራት ዓመት በእጁ ጠፋ፤ ያጠፋውም ሌባ ወይም እሳት ሳይሆን ራሱ ነው።

በማግስቱ ሐጂ ገፋር ቤት ሄዶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። «ነግረውኝ ነበር፣ ሰደብኩዎት። ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ሽማግሌው ትከሻውን ይዘው፣ «ተነሣ፣ ልጄ። እኔም ይቅር የሚለኝ እፈልጋለሁ» አሉት። «አንድ ጊዜ ነገርኩህ፣ ሰው ፊት አሳፈርከኝ። ከዚያ በኋላ ሱቄን እስክዘጋ ድረስ ከጨለማ ውስጥ ሆኜ አየሁት። ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ብርሃን ላይ ያለውን አጥርቶ ያያል። ቀዩ በየወሩ ሲቀንስ አይቻለሁ። ያኔ ቢወርድ ግማሹ ይተርፍ ነበር። እኔ ግን፣ ተሰድቤ እንዴት እደግመዋለሁ ብዬ አፌን ያዝኩ። ባንተ ላይ የተቀየምኩ መስሎኝ ነበር፤ የቀጣኋት ግን ሸህርባኑን ነው።»

ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ሲያማክ አዲሱን ቀዳዳ አስደፍኖ የጥንቱን አስከፈተ። ብርሃኑ እንደ ድሮው ከስድስት ሰዓት በኋላ ማዶ መሻገር ጀመረ፤ ነገር ግን የሚያርፈው በተዘጋ በር ላይ ነው። ሐጂ ገፋር፣ «እግሬ እዚያ ድረስ አያደርሰኝም» ብለው አልተመለሱም። ሸህርባኑም የደበዘዘውን ስጋጃ ረግጣ ተዳረች፤ እንግዳው ሁሉ አሮጌ ስጋጃ መሰለው።

ወዳጆቼ፣ ለምንወደው ሰው ብለን ከጎረቤት የምንነጥቀው ነገር መጨረሻው የምንወደውን ራሱን ይበላል። ብርሃን የሚጠቅመው ተራውን ጠብቆ ሲያልፍ ነው። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ አንዴ መክረን ስንሰደብ ለመከራው አሳልፈን እንሰጠዋለን። መከራው ደግሞ ያጠፋውን ሰው ብቻ መርጦ አይመታም። እናንተስ፣ አንዴ ተናግራችሁ ስለ ተቀየማችሁ ዛሬ ከማዶ ሆናችሁ ዝም ብላችሁ የምታዩት፣ ቀለሙ እየሸሸ ያለ የማን ስጋጃ ነው?