ዋስ ያጣችው ጥጥ ፈታይ

ግራዝማች ወልደአረጋይ ገበያ መሃል ቆመው ማበደር ይወዱ ነበር። ወለዳቸው እጥፍ ነው፤ ተበዳሪው ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል ግን አሳስቧቸው አያውቅም። አንድ ቀን ለአንዲት ጥጥ ፈታይ ሃምሳ ብር ዘረጉላት።

«ጌታዬ፣ ከአንዲት ዶሮ በቀር ምንም የለኝም፤ በምን እከፍላለሁ?» አለቻቸው።

«ዝም ብለሽ ተቀበይ። እኔ ሰው አይቼ ነው የማበድረው፤ ዓይኔ አይስትም» አሉና በሰው ሁሉ ፊት አስጨበጧት።

ጥጥ ገዛችበት፤ ፈትሉ ግን ከቀለቧ አላለፈም። ዓመቱ ሲደርስ ግራዝማች መቶ ብራቸውን ጠየቁ፤ ስታጣ ጊዜ ወዳጃቸው ዳኛ ፊት አቆሟት።

ዳኛው ነገር አላረዘሙም። «እስከ ፋሲካ ትከፍላለች ብሎ የሚዋስሽ ሰው ጥሪ፤ ያለዚያ ወህኒ ትወርጃለሽ» አሏት።

ሴትዮዋ የተሰበሰበውን ሰው አየች። ጎረቤቶቿ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ግራዝማች ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ።

«ጌታዬ፣ እነሱን አልቀየማቸውም፤ ድህነቴን ያውቁታል» አለች ለዳኛው። «እኔ ራሴም እከፍላለሁ ብዬ አምኜ አላውቅም። በዚህ አገር ትከፍላለች ብሎ ያመነብኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ወደ ግራዝማች ዞረች።

«ዓይናቸው አይስትም፤ እሳቸው ይዋሱኝ።»